ያረጀውን ኮምፒውተር ሳትጥሉ፦ ራምና ኤስኤስዲ በራስ እጅ መቀየር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር፣ አንዲት ጎረቤቴ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ኮምፒውተሯ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ኮር አይ 5 ሦስተኛ ትውልድ፣ 4 ጊጋ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ)፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ የመጣ፣ «ዩዝድ» የምንለው ዓይነት። አንድ ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመጣ በሩ ላይ አራት ሰው ቆሞ ነበር። ሲቪ የሚያሳትም አለ፣ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ አለ። ማሽኑን አበራችው። ነጫጭ ነጥቦቹ መዞር ጀመሩ። ዞሩ፣ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እስኪነሳ እኮ አቦል አፍልቼ እቀዳለሁ» አለችኝ።

ሰዓት ያዝኩበት። ዎርድ ተከፍቶ መጻፍ እስኪቻል 6 ደቂቃ ወሰደ። ከአራቱ ሁለቱ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደዋል።

ከዚህ በፊት ባለሙያ አስጠይቃ ነበር። መልሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ «ፎርማት ይደረግ።» ተደረገ። ሦስት ሳምንት ደህና ሠራ፣ ከዚያ ወደ ድሮው ተመለሰ። ሌላው ደግሞ «ጣዪውና አዲስ ግዢ» አላት። በሁለቱም አልስማማም። የዚያ ማሽን ፕሮሰሰር፣ ማለትም ኮር አይ 5ቱ፣ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ቢሆንም ለዎርድ፣ ለኤክሴልና ለብራውዘር አቅም አያንሰውም። የሚያንቀው ዲስኩ ነው።

ሃርድ ዲስክ ውስጡ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ነው። የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል። ከላዩ እንደ መርፌ ያለ ክንድ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንድ ፋይል ፈልጎ ለማግኘት በአማካይ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ትንሽ ይመስላል። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን የሚያነበው በሺዎች የሚቆጠር ጥቃቅን ፋይል ነው፣ እዚህም እዚያም የተበተነ። ኤስኤስዲ ግን ፋይሉን በቺፕ ላይ የሚይዝ ዲስክ ነው፣ ውስጡ የሚዞር ነገር የለም፤ ያንኑ ሥራ ከ0.1 ሚሊ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሳል። ራም ሲያንስ ደግሞ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ያራግፋል። ስለዚህ ያነሰ ራምና ቀርፋፋ ዲስክ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ሸክም ያከብደዋል። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ኤስኤስዲውን አስቀድሙ።

ሳትከፍቱ እዩት

ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። የማይሆን ዕቃ ይዞ መመለስ ደግሞ ሌላ ግማሽ ቀን። ከካቻቢቴው በፊት ምርመራው ይቅደም የምለው ለዚህ ነው።

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ግቡና ዲስኩን ተመልከቱ። ምንም ሳትሠሩ 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ከዋለ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ቀጥሎ «ሜሞሪ»። በየቀኑ የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ክፈቱና ከ80 ፐርሰንት በላይ ከሄደ ራም ያስፈልጋል። እዚያው ከታች ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል፤ «2 ከ4» የሚል ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ አሮጌውን ሳታወጡ መጨመር ትችላላችሁ።

ዊንዶውሱ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ገብታችሁ እዩ። 32 ቢት ከሆነ 16 ጊጋ ብትጭኑበት እንኳ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። ድሮ ፎርማት ያደረገው ሰው ያገኘውን ጭኖ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ምርመራ የዲስኩ ጤና ነው። «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው። ቢጫ ካሳየ መመሪያውን እዚህ ላይ አቁሙና ፋይላችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ዛሬውኑ። ቢጫ ያሳየ ዲስክ ነገ ላይነሳ ይችላል።

ራም ስትገዙ

ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የራሙን ዓይነት ይነግራችኋል። በግርድፉ፣ ከኢንቴል ሁለተኛ እስከ አራተኛ ትውልድ ያሉት ዴስክቶፖች ዲዲአር 3 ነው የሚወስዱት። ከስድስተኛው ጀምሮ አብዛኛዎቹ ዲዲአር 4 ናቸው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ዲዲአር 3 ባለ 240 እግር ነው፣ ዲዲአር 4 ደግሞ 288፤ መሃሉ ላይ ያለው ቁራጭም (ተቆርጦ የጎደለው ክፍተት) ቦታው ይለያያል። ዲዲአር 2 እንደ ዲዲአር 3 ሁሉ 240 እግር ስላለው ያሳስታል፣ ግን የእሱም ቁራጭ ሌላ ቦታ ነው። አልገባም ካለ አታስገድዱት።

ፍጥነቱ መለያው ላይ በሁለት መንገድ ይጻፋል። 10600 የሚለው 1333፣ 12800 የሚለው 1600 ማለት ነው። የተለያየ ፍጥነት ከቀላቀላችሁ ሁሉም በቀርፋፋው ይሄዳሉ። ከዚያ ያለፈ ጉዳት የለውም።

አሁን ወጥመዶቹ። የመጀመሪያውን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ውስጥ 8 ጊጋ ዲዲአር 3 በሚያስገርም ርካሽ ዋጋ አገኘሁ። ሁለት ገዛሁ። ማስገቢያው ውስጥ ልክ ብሎ ገባ። ማሽኑ ግን ጲጵ ጲጵ እያለ አልነሳም አለ። የሰርቨር ራም ነበር። ቅርጹ አንድ ነው፣ ተራ ዴስክቶፕ ግን አይቀበለውም። መለያው ላይ ከ12800 ቀጥሎ «አር» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ የሰርቨር ነው፤ «ዩ» ካለ የእናንተ ነው። መለያው ከተላጠ ጥቋቁር ቺፖቹን ቁጠሩ። በአንድ ጎን 8 ከሆነ ጥሩ። 9 ከሆነ ተጠራጠሩ።

ሁለተኛው ለኤኤምዲ (ከኢንቴል ሌላ ፕሮሰሰር የሚሠራ ኩባንያ) ብቻ የተሠራ ራም ነው። ኢንቴል ማሽን ላይ ማስገቢያው ውስጥ ይገባል፣ ግን አይሠራም። ሻጩ «ለኢንቴል ይሆናል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከተንተባተበ እለፉት። የላፕቶፕ ራም ደግሞ አጭር ስለሆነ በዓይን ይለያል።

ምን ያህል? ለጽሕፈትና ለብራውዘር በድምሩ 8 ጊጋ ይበቃል። ፎቶ የሚያቀናብር ወይም ሃያ ታብ ከፍቶ የሚውል ሰው 16 ያድርግ። የጎረቤቴ ማሽን አራት ማስገቢያ ስላለው በነበሩት ሁለት ባለ 2 ጊጋዎች ላይ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ጨመርንበት። 12 ሆነ። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ግዙ፤ ጥንድ ሲሆን ማሽኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ስለሚያነባቸው ይፈጥናል።

ኤስኤስዲ ስትገዙ

ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (በገመድ የሚሰካው ዓይነት) ኤስኤስዲ በሉ። ማስቲካ የሚመስለውን ቀጭኑን አትግዙ፤ የዚያን ዘመን ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋና ቦርድ) ቦታው የለውም፣ በአስማሚ ቢሰካም ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ብዙ ጊዜ ከእሱ ላይ አይነሳም። 240 ጊጋ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች በቂ ነው። ፎቶና ቪዲዮ አሮጌው ዲስክ ላይ ይቀመጣል።

2 ቴራ ኤስኤስዲ በ240 ጊጋ ዋጋ ካያችሁ ውሸት ነው። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁትም አያጓጓችሁ። ሳምሰንግ፣ ክሩሻል፣ ኪንግስተን፣ ዌስተርን ዲጂታል ለምርጫ ይበቃሉ። አስመስለው የሚሠሩም ስላሉ ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። «አዲስ ነው» የተባለው ዲስክ 4,000 ሰዓት እንደሠራ ካነበባችሁ አመስግኖ መውጣት ነው።

ከእሱ ጋር አንድ የሳታ ዳታ ገመድ ግዙ። ርካሽ ነው፣ ግን ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው። ደረሰኙ ላይ ወይም ቁራጭ ወረቀት ላይ «ካልሠራ ይመለሳል» አስጽፉ። የቃል ዋስትና ቃሊቲ ታክሲ ስትቀይሩ ተኖ ያልቃል።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ ብጽፍ በወሩ ያስቃል።

ፋይል፣ ፎንት፣ ሾፌር

አዲሱ ዲስክ ላይ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫኑ። አሮጌውን እንዳለ መገልበጥ ይቻላል፤ ክሎንዚላ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይሠራዋል። ነገር ግን በተለመደው አሠራሩ አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ያነሰ ከሆነ እሺ አይልም፣ ከ500 ወደ 240 አይሄድም። ደግሞ የአሥር ዓመት ቆሻሻና ቫይረስ ለምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

ፋይላችሁን ከዴስክቶፕ፣ ከዶክመንትስና ከዳውንሎድስ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። ሌላው የሚረሳ ነገር ፎንት ነው። በተለይ ጽሕፈት ቤት ላላችሁ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ በቀደመው አጻጻፍ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይሆናል። ጎረቤቴ የስምንት ዓመት የውል ናሙናዎች በዚያ አጻጻፍ ነው ያስቀመጠችው። ዊንዶውስ ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ገልብጡ። የፕሪንተሩንም ሾፌር (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን እንዲያዝ የሚያደርገውን ፕሮግራም) አስቀድማችሁ አውርዱ።

የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ቢያንስ 8 ጊጋ ይሁን። ከማይክሮሶፍት ገጽ በሚወርደው «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» ይዘጋጃል። ብዙ ጊጋ ዳታ ስለሚጎትት ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሥሩት። ያሁኑ ዊንዶውስ 10 በሕጋዊ ዲጂታል ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያስታውሳል።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አይገባም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ፣ የደህንነት ማሻሻያውን ጨምሮ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። በማሽኑ ላይ የባንክ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን አስቡበት። ነጻ ነው፣ በዚህ ዘመን ማሽን ላይ ይሮጣል፣ የአማርኛ ኪቦርድም አለው። ጎረቤቴ የለመደችውን አልለቅም ስላለች በዊንዶውስ 10 ቀጥለናል። የባንክ ሥራዋን ወደ ስልኳ አዛውረናል።

መክፈት

ዝጉት። ስፒናውን ከዲቫይደሩ ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ሳጥኑን (ብዙዎቻችን «ሲፒዩ» የምንለውን፤ እውነተኛው ሲፒዩ ውስጥ ያለች ብስኩት የምታክል ቺፕ ናት) ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት። ምንጣፍ ላይ አይሁን። በበጋው ደረቅ አየር ብርድ ልብስ ስትገፉ ብልጭ የሚለው ነገር ራም ሊገድል ይችላል። ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት ንኩ፤ በየመሃሉም ድገሙት።

ብዙ ሳጥን ከኋላ ሁለት ቪት አለው። አንዳንዱ መያዣውን ስትስቡት ብቻ ይከፈታል። ምንም ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። በጥንቃቄ የታየ አንድ ፎቶ ከማስታወስ ችሎታችሁ ይበልጣል።

የጎረቤቴን ስንከፍተው ውስጡ ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሷል። አስፋልት ያልደረሰበት መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ነው። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መሃል ብርሃን አያሳልፍም ነበር። ጥጉ ላይ አንድ የደረቀ በረሮ። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ወደ ውጭ ጠረግነው፣ በረንዳ ላይ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍነን። ሰዎች ጎሚስታ ወስደው በጎማ መንፊያ ያስነፋሉ። እኔ አልመክርም። ግፊቱ ኃይለኛ ነው፣ ቱቦው ውስጥም ውሃ ይጠራቀማል። ግድ ከሆነ ከሩቅ ይሁን፤ ማራገቢያውንም እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት።

ማሽኑ ሰዓትና ቀን እየረሳ ካስቸገራችሁ አሁኑኑ ክብ ባትሪውን ቀይሩት። ሲአር 2032 ይባላል፣ 3 ቮልት። ቀኑ ሲዛባ ብራውዘሩ ድረ ገጾችን «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይከለክላል፣ ሰው ግን ኔትወርኩን ይረግማል።

ራሙን ማስገባት

በማስገቢያው ጫፍና ጫፍ ያሉትን መቆንጠጫዎች ወደ ውጭ ክፈቱ። ራሙን ጠርዙን ይዛችሁ ቁራጩን ከማስገቢያው እብጠት ጋር አስተካክሉ። ከዚያ በሁለቱ አውራ ጣቶች ሁለቱን ጫፎች እኩል ወደ ታች ጫኑ። ከምትገምቱት በላይ ጉልበት ይፈልጋል። ቦርዱ ትንሽ ሲለመጥ ልብ ይደነግጣል። «ቀጭ» ይልና መቆንጠጫው ራሱ ይዘጋል። ካልተዘጋ አልገባም ማለት ነው። ጥንዶቹን ተመሳሳይ ቀለም ባላቸው ማስገቢያዎች አድርጉ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚጣመር ብዙ ጊዜ የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተስሏል።

ኤስኤስዲውን ገና አትንኩ። አብሩና እዩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ቀይራችሁ ካልነሳ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አታውቁም። ጲጵ ካለና ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ አትደንግጡ። ስፒናውን ነቅላችሁ ራሙን አውጡ፣ ወርቃማ እግሮቹን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ፈትጉ፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ አራግፉና መልሱ። የላጲስ ዘዴ የመንደር ጥበብ ቢመስልም ከአሮጌ ራም ችግር ብዙውን ይፈታል። እንቢ ካለ አንድ አንዱን ለየብቻ ሞክሩ።

ኤስኤስዲውን ማሰር

ኤስኤስዲ ሁለት ገመድ ይፈልጋል። ጠባቡ ዳታ ነው፣ ከማዘርቦርዱ ይመጣል። ሰፊው ኃይል ነው፣ ከፓወር ሰፕላይ ይመጣል። ሁለቱም ጫፋቸው የታጠፈ ስለሆነ በአንድ ፊት ብቻ ይገባሉ። ትርፍ የኃይል ገመድ ካጣችሁ የሲዲ ማጫወቻውን ውሰዱ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሲዲ የከተታችሁት መቼ ነበር?

በ7010 ላይ ካሉት የሳታ ቀዳዳዎች ሁለቱ ፈጣኖቹ ናቸው፣ በሰከንድ 6 ጊጋቢት። አሮጌው ዲስክ የነበረበትን የመጀመሪያውን ቀዳዳ ለኤስኤስዲው ስጡት። ቦርዳችሁ የቆየና ባለ 3 ጊጋቢት ብቻ ቢሆንም ለውጡ ያስደንቃችኋል። ማሰሪያ ፍሬም ከሌለ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ይበቃል። የሚዞር ነገር ስለሌለው አይንቀጠቀጥም።

አሁን በጣም አስፈላጊው፦ ዊንዶውስ እስኪጫን የአሮጌውን ዲስክ ገመድ ነቅላችሁ ተዉት። ሁለቱም ተሰክተው ከተጫነ ዊንዶውስ መነሻ ፋይሎቹን አሮጌው ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከወራት በኋላ አሮጌው ሲሞት አዲሱም አብሮ መነሳት ያቅተዋል።

መጫን

መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ምረጡ ማለት ቀልድ ነው። ዩፒኤስ ተበደሩ። ፍላሹን ሰኩና ዴል ከሆነ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9 እየነካካችሁ አብሩ፣ ከዚያ ፍላሹን ምረጡ። ባዮስ ውስጥ የሳታ አሠራሩ «ኤኤችሲአይ» መሆኑን አረጋግጡ፤ ይህን ከመጫኑ በፊት እንጂ በኋላ አትቀይሩት፣ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ይዞ ይቀራል። «ከስተም» የሚለውን፣ ቀጥሎ ባዶውን ቦታ ምረጡ። ቀሪውን ራሱ ይሠራል።

ሲያልቅ አጥፉ፣ አሮጌውን ዲስክ መልሳችሁ ሰኩ። ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ የረሳችሁት ነገር መኖሩ አይቀርም። ኤስኤስዲን ዲፍራግ (የተበተኑ ፋይሎችን መልሶ መሰብሰብ) አታድርጉ፣ ዊንዶውስ በራሱ መንገድ ይንከባከበዋል። ቢያንስ አንድ አምስተኛው ባዶ ይሁን።

መብራት ሲቆራረጥ ኤስኤስዲም ይጎዳል። አነስተኛ ዩፒኤስ እንኳ ለጥቂት ደቂቃ ከያዘ ፋይል ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ይበቃል። ዩፒኤስ የሌለው መብራት ሲሄድ ስፒናውን ይንቀል፣ ተመልሶ ሲመጣም ትንሽ ቆይቶ ይሰካ።

የጎረቤቴ ማሽን አሁን ዎርድ እስኪከፈት 40 ሰከንድ አይሞላውም። ፕሪንተሯ ግን አሁንም ወረቀት ሁለት ሁለት ይጎትታል። የወረቀት መሳቢያ ጎማው ለስልሶ ነው። በረጠበ ጨርቅ ጠረግኩላት፣ ለጊዜው ተሻለው።